የበጎቻችን ሱፍ በመዝገባችሁ ይቆጠር፦ ከመሐል አዲስ አበባ በግ አርቢዎችና ፈታዮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለክፍለ ከተማችን የከተማ ግብርና እና የኢንተርፕራይዝ ልማት ሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የተዘጋብንን የማምረቻ ሼድ፣ ድጋፍ የተነፈገውን የበግ ሱፍ ሥራ እና አልፓካ ስለሚባለው፣ ለጸጉሩ ስለሚረባ የውጭ አገር እንስሳ የተነገረንን ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። እኛ በመሐል አዲስ አበባ በየግቢያችን ጥቂት በጎች የምናረባ፣ ከመንዝና ከደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚመጣ የበግ ሱፍ የምንገዛ፣ አጥበን፣ ነድፈንና ፈትለን ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) እና የወለል ምንጣፍ የምንሠራ 41 ሰዎች ነን። 34ታችን ሴቶች ነን። ሸማኔዎቻችን ወንዶች ናቸው፤ በመንዝም ልማዱ እንዲሁ ነው፣ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ለ11 ዓመት አብረን የሠራነው ሥራ ባለፉት አራት ወራት ቆሟል። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተን የጽሑፍ መልስ ስላላገኘን አቤቱታችንን ሕዝብም እንዲያውቀው በዚህ ደብዳቤ አቅርበናል።

ከሁሉ የሚቀድመው የሼዱ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ለሥራ ስንመጣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን፤ በ15 ቀን ውስጥ እንድንለቅ ይላል። ቦታው ለሌላ ልማት እንደሚፈለግ ተነገረን። ከተማ ሲሠራ ሰው ከቦታው መነሣቱ እንደማይቀር እናውቃለን፤ ከመካከላችን ቤታቸው ፈርሶ ዕቃቸውን ተሸክመው ሰፈር የቀየሩ አሉ። ያስከፋን ወዴት እንደምንሄድ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ በማስታወቂያው ላይ አለመኖሩ ነው። ስንጠይቅ «ምትክ ቦታ ሲገኝ ይነገራችኋል» ተባልን። እስከ ዛሬ ስለ ቦታ የነገረን የለም። ሼዱም እንደቆመ ነው። ቁልፍ ተንጠልጥሎበት፣ ደጃፉ ሣር በቅሎበት በየቀኑ እናልፈዋለን፤ ለልማቱ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ አላየንም።

ያ ሼድ ውኃና የፍሳሽ ቦይ ነበረው። የሱፍን ሥራ ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ስለሚመስለው ላስረዳ። ከበግ ጀርባ የተሸለተ ሱፍ ቅባት፣ ላብ፣ አፈር፣ ገለባና እሾህ እንደያዘ ነው የሚመጣው። ቅባቱ ካልወጣ ቀለም አይቀበልም፣ ምንጣፉ ይሸታል፣ ብልም አይለቀውም። ስለዚህ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይነከራል፤ ጥቁሩ ውኃ ይደፋና እንደገና ይነከራል፤ ውኃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውኃው በጣም ከሞቀና እጅ ከበዛበት ሱፉ ተኮማትሮ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያፍታታው የለም። በመዳፍ ቀስ ተብሎ ይጫናል እንጂ እንደ ልብስ አይታሽም። ደርቆ ሲመዘን ደግሞ ክብደቱ ቀንሶ ይገኛል፤ አሥር ኪሎ ገዝተን ስድስት ኪሎ ይዘን የምንቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሥራ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ መሥራት አይቻልም። ሞክረነዋል።

ከአባሎቻችን አንዷ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ሦስት ልጆች በእንዝርቷ ያሳደገች ናት። ሼዱ ሲዘጋ 14 ኬሻ የታጠበ ሱፍ ነበራት። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። የእጅ ጋሪ ተከራይታ ወደ ቤቷ ስታመላልስ ዘጠኙ ኬሻ ረጠበ። የምታሰጣበት ስላልነበራት በሳምንቱ ሻገተ፤ ለፍራሽ መሙያ እንኳ የሚወስደው ሰው አልተገኘም። ሱፉ የተገዛው ከቁጠባችን በተበደረችው ገንዘብ ነበር። ዕዳው ዛሬም አለባት፤ አበዳሪዎቿ እኛው ስለሆንን ጉዳቱ የሁላችንም ሆኗል። የ15 ቀኑ ማስጠንቀቂያ እስከ መስከረም ቢራዘም ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። በክረምት ሱፍ እንደማይጓዝ የሚያውቅ ሰው አልተጠየቀም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሼዱም በፊት የነበረ ነው። ፈቃድ ለማደስ በሄድን ቁጥር በቅጹ ላይ ከሁለት አንዱን ምረጡ እንባላለን፤ የእንስሳት እርባታ ወይም ሽመና። እርባታ ካልን ስንት ኪሎ ሥጋ፣ ስንት ሊትር ወተት እንደምናመርት እንጠየቃለን። እኛ የምናስመዘግበው ሱፍ ነው፤ ሱፍ የሚጻፍበት ቦታ ግን በቅጹ ላይ የለም። ሽመና ካልን ደግሞ «ታዲያ በጉ ምን ይሠራል?» ይመጣል፤ ብድሩም ለክር መግዣ እንጂ ለመኖ አይፈቀድም። ስለዚህ አንድ ዓመት አርቢ፣ አንድ ዓመት ሸማኔ እየሆንን ኖረናል፤ በሁለቱም መዝገብ ግማሽ ሥራችን አይታይም።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲጀመር የእኛም ተራ ደረሰ ብለን ነበር። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ማር ተቆጠሩ። የሚበላ ነገር መቅደሙ ተገቢ ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን በግ ታርዶ የሚበላው አንድ ቀን ነው፤ ሱፉ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ይሸለታል፤ በዚያ ገቢ ደግሞ ወተቱም እንቁላሉም ይገዛል። ይህን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አላነበብንም።

በዚሁ ምክንያት የተጎዱ አንዲት እናታችን አሉ። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል። በግቢያቸው ስድስት በግ ነበራቸው፤ ሱፋቸውን እኛ እንገዛቸዋለን፣ ፍጉን ጎረቤት ለጓሮ ጎመኑ ይወስደዋል። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በመኖሪያ መንደር እንስሳ ማርባት አይቻልም ተብለው በ10 ቀን እንዲያስወግዱ ታዘዙ። በዚያው ወር በዚያው ወረዳ በጓሯቸው ዶሮና በግ ላረቡ ነዋሪዎች የምስጋና ወረቀት ሲሰጥ ነበር። እማማ የእንቁጣጣሽ ገበያ እስኪደርስ እንኳ አልታገሷቸውም፤ በጎቹን በግማሽ ዋጋ ሸጡ። አራቱ እርጉዝ ነበሩ። ጎረቤት ስለ ሽታና ስለ ጽዳት ቢያማርር እውነት አለው፣ እንሰማዋለን። መፍትሔው ግን ደንብ ነው፤ በምን ያህል ካሬ ስንት በግ፣ ፍግ በየስንት ቀኑ ይነሣል፣ ክትባት መቼ ይሰጣል የሚል። ደንቡን አውጡት፣ ፈርመን እንገባበታለን። አንዱ ቢሮ ሲሸልም ሌላው የሚያባርርበት አሠራር ግን ሊቆም ይገባዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስነሣኝ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ወደ ስብሰባ ተጠራን። ምትክ ቦታ ሊነገረን ነው ብለን 38 ሆነን ሄድን። ስለ ቦታው አልተነሣም። አንድ ባለሙያ በግድግዳ ላይ ፎቶ እያሳዩ ስለ አልፓካ አስረዱን። የበግ ሱፍ ጊዜው አልፎበታል፣ ዓለም የሚፈልገው የአልፓካን ነው፣ ባለሀብት ከተገኘ እንጦጦ ላይ ይረባል፣ እናንተም በፈታይነት ትቀጠራላችሁ ተባልን። እስከዚያ ለበግ ሱፍ ሥራ ድጋፍ እንደማይኖርም በዚያው ስብሰባ ተነገረን።

አልፓካን አልጠላሁትም። ፎቶውን ሳይ ጸጉሩን መዳሰስ አማረኝ። ከስብሰባው በኋላም ልጄ እያነበበችልኝ፣ የእንስሳት ሕክምና የተማረው የአንዷ አባላችን ልጅ እያስረዳኝ የቻልኩትን ያህል ተማርኩ። አልፓካ የግመል ዘመድ ነው፤ ሻኛ የለውም፣ ቁመቱም ከግመል እጅግ ያነሰ ነው። አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሲሆን፣ ከስድስት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ቪኩኛ ከሚባለው የዱር እንስሳ እየተላመደ የመጣ ነው። በዓለም ካለው አልፓካ አብዛኛው የሚገኘው ፔሩ ውስጥ ነው፤ የሚሰማራውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ነው። በዓመት አንዴ ይሸለታል፤ ከአንዱ ሁለት ሦስት ኪሎ ይገኛል። ጸጉሩ እንደ በግ ሱፍ ቅባት አይበዛበትም፤ ይህ ብቻ ስንት በርሜል ውኃ እንደሚያተርፍ የገባን እኛ ነን። ከነጭ እስከ ጥቁር ከ20 የሚበልጥ የተፈጥሮ ቀለም አለው። መርገጫው እንደ ግመል ለስላሳ ስለሆነ መሬቱን አይቦረቡረውም። መልካም እንስሳ ነው።

ስብሰባው ላይ ያልተነገረን ግን አለ። አልፓካ የምታረግዘው 11 ወር ከምናምን ቀን ነው፤ የምትወልደውም አንድ ነው፣ መንታ ብርቅ ነው። በግ በአምስት ወር ትወልዳለች። አልፓካ ብቻዋን አትኖርም፤ መንጋና ግጦሽ ትፈልጋለች። ነገ 20 አልፓካ እንጦጦ ላይ ቢወርዱ በዓመት የሚገኘው 50 ኪሎ ያህል ነው። ለ41 ሰው ቢካፈል ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ ከሩብ አይሞላም። አንዲት ደኅና ፈታይ ይህን በሳምንት ትጨርሰዋለች። መንጋው በዝቶ ለሁላችን የሚበቃ ሱፍ እስኪሰጥ የሚያልፈውን ዓመት እናንተው አስሉት። በዚያ ሁሉ ዓመት የበጉ ሥራ ተዘግቶ ይቆይ መባሉ ነው ያስደነገጠን።

ሱፉ ይሻላል ተብሎ እንስሳ ከውጭ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። ደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከውጭ ከመጡት ዝርያዎች አንዱ ኮሪዴል ነበር፤ በሱፉ በዓለም የታወቀ በግ ነው። አርሶ አደሩ ግን ዲቃሎቹን አልወደዳቸውም፤ አንዱ ምክንያት ላት የሌላቸው መሆኑ ነው። በሰሜን ሸዋ ገበያ ላት የሌለው በግ ይዞ የቆመ ሰው ገዢ አያገኝም። ኋላ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ላታም ስለሆነ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል የተሻለ ተቀባይነት አገኘ። እንስሳ ለጸጉሩ ብቻ ተብሎ አይረባም፤ ሰውየው ሲቸግረው መሸጥ፣ በዓል ሲመጣ ማረድ፣ ሲታመምበትም የሚያክምለት ማግኘት አለበት። አልፓካ ሲታመም ወዴት ይወሰዳል? ሲያረጅ ማን ይገዛዋል? ስብሰባው ላይ ጠይቀን ነበር፤ ወደፊት ይታያል ተባልን።

ከፔሩ ልንማር የሚገባን ሌላ ነገር አለ፤ እሱንም በፎቶዎቹ ውስጥ ሳናየው ወጣን። አሬኪፓ በምትባለው ከተማቸው የአልፓካን ጸጉር በእጃቸው እየዳሰሱ በየደረጃው የሚለዩ ሴቶች አሉ። የጸጉሩ ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። 23 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነውን «ቤቢ አልፓካ» ይሉታል። የግልገል ጸጉር ነው ማለታቸው አይደለም፤ ቅጥነቱን ለማመልከት የወጣ ስም ነው። ከ30 ያለፈው ወፍራሙም አይጣልም፣ ለምንጣፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ደረጃ ዋጋ አለው። ይህን ልዩነት ሴቶቹ ያለ መሣሪያ፣ በጣታቸው ያውቁታል፤ አገሩም ሙያ ብሎ ይከፍላቸዋል። ይህ ማለት እዚያ ችግር የለም ማለት አይደለም። አርቢው ሳይለይ በጅምላ ለነጋዴ ሲሸጥ ዋጋው እንደሚወድቅበት እነሱም ያማርራሉ፤ በዚህ ምክንያት ነው በማኅበር ሰብስበው፣ ለይተው የሚሸጡባቸው ማዕከሎች ያቋቋሙት።

እኔ የተወለድኩት መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። አያቴ ከራት በኋላ መብራት በሌለበት ቤት ቁጭ ብላ ሱፍ ትለይ ነበር። የትከሻውን ለብቻ፣ የጎኑን ለብቻ፣ የጭኑንና የሆዱን ለብቻ። ጠዋት ሳይ አንድም ስህተት አላገኝባትም። ከማኅበራችን ቢያንስ ስምንት ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ይህን ያደርጉታል። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ በመካከሉ የማይታጠፍ ደረቅ ጸጉር አለበት። ለሕፃን ሹራብ ይሆናል አንልም። ለባና፣ ለበርኖስ፣ ለምንጣፍ ግን የሚያክለው የለም፤ ጥቁሩም ያለ ቀለም ጥቁር ስለሆነ በፀሐይ በቶሎ አይለቅም። በአንድ ሽልት ከአንድ በግ የምናገኘው ከግማሽ ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ያንኑ ለይተን ስንሸጥና ደባልቀን ስንሸጥ ግን ዋጋው እጥፍ ይለያያል። መለያ ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ ውኃና ደረቅ መጋዘን ቢኖረን የአሬኪፓ ሴቶች የሚሠሩትን ሥራ እዚሁ ፒያሳ እንሠራዋለን። የጎደለን እንስሳ አይደለም።

አራተኛው ጉዳይ በየበዓሉ የሚጣለው ነው። የበዓል ማግስት በቀበና ወንዝ ዳር ያለፈ ሰው የሚያየውን ታውቃላችሁ። ቀድሞ «ቆዳ ያለው!» እያለ በየበሩ የሚጮኸው ልጅ ዋጋ ከፍሎ የሚወስደው የበግ ቆዳ፣ አሁን ዋጋው ስለወደቀ ከነጸጉሩ በየመንገዱና በየወንዙ ይጣላል። ባለፈው ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ተውሎ በማግሥቱ ወጣን፤ በሦስት ቀን ከአምስት ሰፈር 260 ቆዳ ሰበሰብን። ከዚህ ውስጥ ጸጉሩ ለመፈተል የሚበቃው 110ሩ ብቻ ነበር፤ ሌላው አጭር ነው። ከ110ሩ 40 ኪሎ ያህል ሱፍ ሸለትን፤ ታጥቦ 24 ኪሎ ሆነ፤ ሰባት ምንጣፍ ወጣው። አምስቱ ቸርችል ጎዳና ላይ ባሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ተሽጠዋል። የተሸለተውን ቆዳ ጨው ነስንሰን በትንሽ ዋጋም ቢሆን ለሚገዛ ሰጥተናል።

ለእንቁጣጣሽ ይህንኑ ለመድገም ተዘጋጅተን ነበር። ሼዱ ቢዘጋም በአንዲት አባላችን ግቢ ለመሸለት ሸራ ወጥረን፣ ጨው ገዝተን፣ ወጣቶችን በቡድን ከፍለን ሰፈር አከፋፍለናል። የቆሻሻ ማንሣት ፈቃድ የላችሁም ተብለን ታገድን። ፈቃዱን ከየት እንደምናወጣ ስንጠይቅ ሦስት ቢሮ ተመላለስን፤ ሦስቱም የእኛ ሥራ አይደለም አሉ። ያን ሳምንት ቆዳውን ያነሣው ሰው አልነበረም። ውሻ ሲጎትተው ሰነበተ፣ ዝናቡም ወደ ወንዙ ወሰደው። ሽታው ያስቸገረው ያንኑ በግ እንዳያረባ የተነገረውን ሰፈር ነው። ከምንም በላይ ይህ አንገብግቦኛል፤ ምክንያቱም እኛ ገንዘብ አልጠየቅንም ነበር። የሚጣለውን እናንሣ ነው ያልነው።

የባዛሩን ነገር ባጭሩ ልበል። ባለፉት ሁለት የበዓል ባዛሮች የተሰጠን ድንኳን ከውጭ ከሚገባ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሻጮች መካከል ነበር። ፋብሪካ በደቂቃ የሚያወጣውንና እኛ ሦስት ሳምንት የምንደክምበትን ገዢው ጎን ለጎን አይቶ በዋጋ ብቻ ያወዳድራል። የእጅ ሥራ ለብቻው ረድፍ ይሰጠው ብለን በቃል ጠየቅን፤ በጽሑፍ አምጡ ተባልን፤ አመጣን። መልሱን እየጠበቅን ነው።

በመሆኑም የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ምትክ ቦታው የውኃ መስመርና የፍሳሽ ቦይ ያለው ሆኖ በቀን ተወስኖ በጽሑፍ ይነገረን። እስከዚያ ድረስ ሼዱ ባዶውን ስለቆመ፣ ግንባታ እስኪጀመር ተመልሰን እንድንሠራበት ይፈቀድልን፤ ግንባታው ሲጀመር በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ያለ ክርክር እንደምንለቅ ሁላችንም እንፈርማለን። በሐምሌው መባረር ዘጠኝ ኬሻ ሱፍ ለተበላሸባት አባላችን ጉዳቷ ታይቶ ካሣ እንዲታሰብላት እንጠይቃለን።

በፈቃድ ቅጹና በከተማ ግብርና ሪፖርቱ ላይ ሱፍ እንደ ሥጋና እንደ ወተት ራሱን የቻለ ምርት ሆኖ ይጻፍ፤ እርባታውን፣ ፈትሉንና ሽመናውን በአንድ ፈቃድ መሥራት ይቻል። በመኖሪያ ግቢ በግ የማርባት ደንብ ይውጣ። ደንቡ እስኪወጣም እንደ እማማ ያሉ አባሎቻችን በጎቻቸውን እንዲያስወግዱ ትእዛዝ አይሰጥብን።

የበዓል ቆዳ የምንሰበስብበት ፈቃድ የትኛው ቢሮ እንደሚሰጠው ተወስኖ ለገና ከታኅሣሥ 29 በፊት እንዲደርሰን አጥብቀን እንጠይቃለን። ከፋሲካው ሥራ የያዝነው መዝገብ አለ፤ ከየትኛው ሰፈር ስንት ቆዳ እንደተነሣ በቀን የተጻፈበት ነው፤ መጥቶ ለሚያይ እናሳያለን። ለባዛር ድንኳን ጥያቄያችንም መልስ ይሰጠን።

አልፓካን በተመለከተ፣ ሐሳቡ እውነት ከሆነ ጥናቱን አሳዩን። እንስሳው ከየት እንደሚመጣ፣ የለይቶ ማቆያውን ጊዜ የት እንደሚያሳልፍ፣ ማን እንደሚያክመው፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይነገረን። ሥራው ከተጀመረም ፈታዮች በቀን ሠራተኛነት ብቻ ሳይሆን በባለድርሻነት ይግቡበት፤ የምናመጣው የእጅ ሙያ በገንዘብ ይተመን። አልፓካው እስኪመጣ ተብሎ በበግ ሱፍ ላይ የተቋረጠው ድጋፍ ግን ዛሬውኑ ይመለስ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ከረጢት ሱፍ ለጽሕፈት ቤታችሁ መዝገብ ቤት አስገብተናል። አንዱ ከመሐል ሜዳ የመጣ ነው። ሁለተኛው ከመሸጣቸው በፊት ከእማማ በጎች የተሸለተ ነው። ሦስተኛው በፋሲካ ማግስት ቀበና ዳር ከተጣለ ቆዳ ላይ የተሸለተ ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ በከረጢቱ ላይ አልጻፍንም፤ በውስጡ በወረቀት አስቀምጠነዋል። ውሳኔ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስቱንም በእጃችሁ ዳስሷቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

በ41 አባላት ስም
የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በግ አርቢና ሱፍ ፈታይ